መለዋወጫው የት ይገኛል?

ጋሼ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። ሱማሌ ተራ ውስጥ ወደ ውስጥ ረዝሞ ወርዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ላይ እዚያ ባንኮኒ ላይ ላፕቶፔን ዘርግቼ ስለ አንድ ፍሬምወርክ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ አዳመጡኝና ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

“ይሄ የምትለው ነገር ለሥራ ደርሷል?”

“ጎግል ነው እኮ የሠራው፣ ጋሼ።”

“እሱን አልጠየቅኩህም። ሲበላሽ መለዋወጫው የት ይገኛል? ጎግል ሱማሌ ተራ ሱቅ አለው?”

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ገና ስድስት ወር አልሞላኝም፤ እና ጥያቄው የቴክኒክ ጥያቄ አልመሰለኝም። የመርካቶ ሰው ጨዋታ መሰለኝ። “ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ነገር አለ” ብዬ አለፍኩት። ጋሼም “እንግዲህ አንተ ካልክ” አሉ። ቀብድ ቆጠሩልኝ። በሦስት ዙር የሚከፈል 45,000 ብር ነበር ስምምነታችን፤ ያኔ ለእኔ የገንዘብ ጥግ ነበር።

የፈለጉት ነገር ቀላል ነው። ከሦስት ሺህ በላይ ዓይነት ዕቃ አላቸው፦ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ ባሌስትራ። ግማሹ ሣጥን ላይ ተጽፏል፣ ግማሹ ያለው ጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጋራዦች በዱቤ ይወስዳሉ፤ ዱቤው ሂሳብ የሚይዙት እትዬ በማይለቁት ሰማያዊ ደብተር ይሰፍራል። ምን እንዳለ፣ ምን እንዳለቀ፣ ማን ስንት እንዳለበት የሚያሳይ ሲስተም። በቃ።

ፍሬምወርክ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ቅጥቅጥ አይሱዙን አስቡ። ሻንሲው ከነሞተሩ፣ ከነመሪው፣ ከነፍሬኑ ተሠርቶ ይመጣል። እዚህ ያሉ ቀጥቃጮች ላሜራ አልብሰው፣ ወንበር ደርድረው፣ መጋረጃ ሰቅለው አውቶቡስ ያደርጉታል። ተሳፋሪው የሚያየው ቀለሙንና መጋረጃውን ነው፤ ቀጥቃጩ ደግሞ ሞተር ከዜሮ ከመሥራት ይድናል። ዌብሳይት የሚሠራ ሰውም እንደዚያ ነው። መሠረቱን ሌላ ሰው ሠርቶታል፤ አንተ ላዩ ላይ ትቀጠቅጣለህ። ችግሩ፣ ወንበር መቀየር አንድ ከሰዓት ይፈጃል። ሻንሲ መቀየር ግን አውቶቡሱን እንደገና መሥራት ነው።

እኔ የመረጥኩት ሻንሲ አንጉላር ጄኤስ ይባል ነበር።

ታሪኩ ራሱ ያማልላል። ሚሽኮ ሄቨሪ የተባለ የጎግል ባለሙያ፣ ሦስት ሰዎች ስድስት ወር ለፍተው የጻፉትን 17,000 መስመር ኮድ “እኔ በሁለት ሳምንት እጽፈዋለሁ” ብሎ ከአለቃው ጋር ተወራረደ ይባላል። ሦስት ሳምንት ፈጀበትና ውርርዱን ተበላ፤ ነገር ግን 17,000ው ወደ 1,500 መስመር ወርዶ ነበር። ይሄን ያነበበ የ23 ዓመት ልጅ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ዋጋና ብዛት አንዱ ሣጥን ውስጥ ስትጽፍ ድምሩ ሌላው ጥግ ላይ ራሱ ይቀየራል፤ ገጹ አይጫንም፣ አይንቆራጠጥም። ዛሬ ይሄ ምንም አይደለም። ያኔ አስማት ነበር፣ እውነቴን ነው።

ግን የመረጥኩት ለዚህ ብቻ አይደለም፤ ይሄን መጻፍ የጀመርኩትም ይሄን ለመናገር ነው። በዚያ ሰሞን የማያቸው የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያዎች ሁሉ “አንጉላር” ይላሉ። ሲቪዬ ላይ ያ ቃል እንዲገባ ፈለግኩ። ለመግባት ደግሞ የሠራሁበት እውነተኛ ሥራ ያስፈልገኛል። የጋሼ ሱቅ እውነተኛ ሥራ ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2014 ፓሪስ ላይ በተደረገ የአንጉላር ጉባኤ፣ የፍሬምወርኩ ባለሙያዎች መድረክ ላይ ወጥተው ቀጣዩን ስሪት አስተዋወቁ። ስላይዳቸው ላይ የመቃብር ድንጋይ ነበር። ኮንትሮለር፣ ስኮፕ፣ ሞጁል፤ እኔ ሌሊት ሌሊት ስማራቸው የከረምኩት ነገሮች ስማቸው እየተጠራ እየተቀበረ። ሁለተኛው ስሪት የመጀመሪያው ማሻሻያ ሳይሆን አዲስ ሥራ ነበር፤ በአሮጌው የጻፈ ሰው እንዴት እንደሚሻገርም ያን ቀን የተዘጋጀ መንገድ አልነበረም። በኛ አቆጣጠር ጥቅምት ላይ ነው ይሄ የሆነው። ጋሼ ሱቅ ላፕቶፔን የዘረጋሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። ሁለት ወር። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ሁለቴ።

“አዲሱ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል” አልኩ ለራሴ። ትክክልም ነበርኩ፤ የወጣው መስከረም 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ሰው ራሱን ሲያታልል የሚጠቀመው ውሸት ብቻ አይደለም መሰለኝ፣ እውነትም ያገለግላል።

የዶርም ጓደኛዬ ጃንጎን ተጠቀም ብሎኝ ነበር። ጃንጎ ካንሳስ ውስጥ አንድ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ፍሬምወርክ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጊታር ተጫዋቹ ከጃንጎ ራይንሃርት ነው። ዕቃ፣ ደንበኛ፣ ዱቤ ብለህ ሠንጠረዦችህን ስትነግረው የመመዝገቢያና የማረሚያ ገጹን ራሱ አውጥቶ ይሰጥሃል። ጋሼ የፈለጉት ቃል በቃል ይሄን ነበር። “የጋዜጣ ቤት ሶፍትዌር” ብዬ አሾፍኩበት። “ጋዜጣ ቤት ማለት እኮ ነገ እጨርሰዋለሁ የማይባልበት ቤት ነው” አለኝ። አልሰማሁትም። አሰልቺ ነዋ! ጃንጎ የሚጽፍ ሰው ኮራ ብሎ ሲያወራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሥራውን በአራት ወር ጨረስኩ። የሚያስፈልጉትን ፋይሎች የማወርደው ሌሊት ነበር፣ ኔትወርኩ የሚሻለው ያኔ ስለሆነ። 80 በመቶ ደርሶ ይቋረጥና ከዜሮ። ብዙ ያለቀሰኝ ግን ፍሬምወርኩ ሳይሆን ፍሬምወርኩ ጭራሽ የማያውቀው ነገር ነበር።

ለምሳሌ ቀን። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ያገኘሁት የቀን መምረጫ ሁሉ 12 ወር አለው። ጳጉሜን የት ላድርጋት? መቀየሪያ ራሴ ጻፍኩ። ሰዓቱንም ቀየርኩ፤ “14:30” የሚል ነገር እትዬ “ምን ማለት ነው?” ስላሉ “ከቀኑ 8:30” እንዲል አደረግኩ። ሁሉም ጥሩ ነበር፣ እስከ ጳጉሜን 2007። ያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ያላት ዓመት ነው። የኔ ኮድ አምስት ብቻ ያውቃል። የዋዜማው ዕለት የተመዘገበው ዱቤ በሙሉ “መስከረም 1 ቀን 2008” ተባለ። ጋሼ አይተው “በእንቁጣጣሽ ሱቅ ከፍተህ አዋልከን” አሉና ለሳምንት ጎረቤት ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ።

የስሙ ግን አያስቅም። እትዬ ዘመናቸውን ሙሉ “ኃይሉ” ብለው ነው የሚጽፉት፣ በብዙኃኑ ኀ ራብዕ፣ እንደተማሩት። ጋሼ “ሀይሉ” ይላሉ። ዕቃ የሚያወርደው ልጅ ደግሞ ያገኘውን ይነካል፣ “ሐይሉ”። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ የጋራዥ ባለቤት ዱቤው ሦስት ቦታ ተሰነጠቀና ሊከፍል ሲመጣ ሲስተሙ የነገረው ከዕዳው ሲሶ የማይሞላውን ነው። ሰውየው ጨዋ ሆኖ “ይሄማ አይደለም፣ ከዚህ ይበልጣል” ባይል ኖሮ ገንዘቡ ቀርቶ ነበር። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ እነዚህን ለፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚያይ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። ወደ ሰማንያ መስመር ነው። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነው፣ ብዙም ስለሚያምር ሳይሆን ሌላ ማንም ሊጽፍልኝ ስለማይችል።

ይሄን የማነሳው በምክንያት ነው። “ይሄ ፍሬምወርክ ለቢዝነስ ደርሷል ወይ?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን የሚሰጡት ሰዎች የሚለኩት የራሳቸውን ቢዝነስ ነው። ስንት ሺህ ሰው በአንዴ ይችላል፣ ገጹ በስንት ሚሊሰከንድ ይከፈታል። ጋሼ ሱቅ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲስተሙን የሚነኩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ልጁ ሻይ ካልሄደ። የጋሼ ሸክም ሌላ ነው። መብራት ይጠፋል። ሰርቨሩ ጀርመን ነው፤ ኪራዩ በዶላር ስለሆነ ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኝና እኔ እዚህ ለእናቷ በብር እሰጣለሁ። የአክስቴ ልጅ ካርዷን ብትቀይርና ብትረሳኝ የሱማሌ ተራ ዱቤ ይጠፋል ማለት ነው። የትኛው የፍሬምወርክ ንጽጽር ነው ይሄን የሚጽፈው?

ለማንኛውም፣ ሲስተሙ ሠራ። መካድ አልፈልግም። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት። እኔም በአንጉላር ስም ሥራ አገኘሁ፣ ደመወዜ አደገ። በ2008 መጋቢት አንድ ፕሮግራመር የገዛ ኮዱን ከሕዝብ መደርደሪያ አንስቶ በመሄዱ በዓለም ዙሪያ የብዙ ሰው ሥራ ሲቆም (ሌፍት ፓድ ትባላለች፣ 11 መስመር ብቻ፤ ሥራዋ ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መሙላት)፣ ያን ቀን ምንም እየገነባሁ ስላልነበረ አልነካኝም። ማታ ግን የጋሼን ፎልደር ከፍቼ የማላውቃቸው ሰዎች ስንት ነገር እንደተሸከሙልኝ ማየት ጀመርኩ። መሐል ላይ ተውኩት። ፋይሎቹን የማመጣበት ባወር የተባለው መሣሪያ ራሱ ቆይቶ “ሌላ ተጠቀሙ” ብሎ ጡረታ ወጣ። አዲሱ አንጉላር ወጣ፤ ሦስተኛውን ቁጥር ዘሎ አራተኛ ተባለ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቀስ በቀስ መሻገሪያ መንገድም አብሮ ተዘጋጅቶለት ነበር፣ ፍትሐዊ ልሁን። እኔ ግን አልሄድኩበትም። ጋሼ ያልከፈሉበትን ሥራ ለመሥራት ጊዜ አልነበረኝም፤ እንዲከፍሉበት ለመጠየቅ ደግሞ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በእነዚያ ቀናት አገሪቱ ውስጥ ከሆነው ጋር ሲተያይ የአንድ ሱቅ ሲስተም ወሬ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሱቁ ቆጠራ ላይ ነበር። ሰርቨሩ ጀርመን፣ እነሱ ሱማሌ ተራ፣ መሐሉ የለም። ወደ ሦስት ሳምንት።

በአምስተኛው ቀን እየፈራሁ ሄድኩ። እትዬ ባንኮኒው ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ሰማያዊው ደብተር። አዲስ ሳይሆን አራተኛው ወይም አምስተኛው። አምስት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን ሲስተሙ ላይ ያስገቡትን ማታ ማታ ደብተር ላይ ሲገለብጡ ነው የኖሩት።

“ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?”

“ትከፋብኛለህ ብዬ።” ቀና ብለውም አላዩኝ። “እንዲያው ልቤ አላመነውም።”

ቆጠራው በደብተሩ ተዘጋ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ ሲስተሙን ሱቁ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ኔት ኖረም አልኖረ ይሠራል፣ ሲኖር ማታ ማታ ቅጂውን ወደ ውጭ ይልካል። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ቀን! አንጉላርን ከሌሎች ጋር ለማወዳደር ሁለት ሳምንት አጥፍቻለሁ፤ ኔት ሲጠፋስ የሚለውን ለመጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ አላዋልኩም። ለዚህ ፍሬምወርኩን ልወቅሰው አልችልም። በቀረው ግን ከሱ ጋር ገና አልጨረስንም ነበር።

የአንጉላር ጄኤስ ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2021 ላይ ሊያበቃ ታቅዶ፣ በኮሮና ምክንያት ስድስት ወር ተጨምሮለት ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ተዘጋ። ጥር ላይ ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። ከሰባት ዓመት በፊት የቆምኩበት ባንኮኒ ነው፤ ላፕቶፕ ግን አልዘረጋሁም።

“ይቆማል?” አሉ።

“አይቆምም። ነገም ይሠራል። ግን ከእንግዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። ከፍለው የሚያስጠግኑ አሉ፣ በዶላር ነው።”

“ፋብሪካው ሞዴሉን አቁሟል በለኛ።”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“መቼ ነው ያወቅከው?”

ሌላ ማንኛውም ጥያቄ ቢሆን ተዘጋጅቼ ነበር። ስለ ወጪው፣ ስለ ጊዜው። ይሄኛውን ግን በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም ጮክ ብዬ አልተለማመድኩትም።

“ሳልጀምረው በፊት።”

አንድ ሰው ገብቶ የኮሮላ ቺንጋ ጠየቀ። ጋሼ ወደ ውስጥ ገብተው አወጡ፣ አቧራውን ጠረጉ፣ ዋጋ ተከራከሩ፣ ተቀበሉ። መልስ ሰጡት። ሰውየው ሲወጣ ወደኔ ዞሩ።

“ሞዴሉ የቆመ መኪና ብዙ ጊዜ ገዝቻለሁ። ክፋት የለውም። ዋጋው ይቀንሳል፣ ጎማና ካንዴላ ደርበህ ታስቀምጣለህ፣ አውቀህ ትነዳዋለህ። ያኔ ብትነግረኝ ምናልባት አሠራህ ነበር። አንተ ግን አዲስ ነው ብለህ ነው የሸጥክልኝ።”

ምንም አላልኩም። ምን ይባላል? በነፃ እንደገና እሠራዋለሁ አልኩ በመጨረሻ፣ እንደ መካሻ። ተቆጡ፤ ያን ቀን ያየሁት ቁጣ ይሄ ብቻ ነው። “በነፃ የሠራህልኝ ነገር ሲበላሽ አፌን ሞልቼ ማንን እጠይቃለሁ? ዋጋህን ንገረኝ።” ነገርኳቸው። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አራተኛውን እጅ አስቀነሱኝ።

እና በጃንጎ ሠራሁት። የዶርም ጓደኛዬ አሁን ካናዳ ነው፤ ስጽፍለት በሳቅ ፊቶች ሞላኝ።

ጃንጎ ከአንጉላር ይሻላል ልል አይደለም፤ ሁለቱ የሚሠሩት ሥራም አንድ አይደለም። የመረጥኩበት ምክንያት ግን ዘንድሮ ሌላ ነበር። ጃንጎ የትኛው ስሪት እስከ መቼ እንደሚጠገን ቀኑን ቆርጦ ያስቀምጣል፤ ረጅም ድጋፍ ያለው ስሪት ሲወጣ ሦስት ዓመት ያህል የደኅንነት ጥገና ያገኛል። በዚያ ጊዜ የያዝኩት ስሪት እ.ኤ.አ. አፕሪል 2024 ላይ እንደሚያበቃ ገና ሳልጀምር አውቄ፣ በአማርኛ ቀን ቀይሬ ጋሼ ውል ላይ ጻፍኩት፦ “ከዚህ ቀን በፊት ወደሚቀጥለው መሻገር አለበት፤ የሚያስወጣውም በግምት ይሄን ያህል ነው።” እንደ ዘይት መቀየሪያ። ጋሼ ከውሉ ሁሉ ደጋግመው ያነበቡት እሷን መስመር ነው።

አንድ አሮጌ የጃንጎ ሥራም ከጓደኛ ተውሼ ሁለት ስሪት ወደፊት ለመግፋት ሞከርኩ። አዲስ ነገር መሥራት በየትኛውም ፍሬምወርክ ደስ ይላል፤ ሁሉም የተሠራው የመጀመሪያው ሰዓት ደስ እንዲል ነው። የሌላ ሰው የአራት ዓመት ኮድ ወደፊት ስትገፋ ግን ሠሪዎቹ ወደኋላ ለቀረው ሰው ምን ያህል እንዳሰቡ ታያለህ። የተሰበረው የትኛው ነው፣ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል ወይስ ዝም ብሎ ይወድቃል፣ ማብራሪያው ላይ “ይሄን በዚህ ተኩ” ይላል? አንድ ቅዳሜ ወሰደብኝ። ከዚያ ስልክ አነሳሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ነገ መኪና ቢገጨኝ ይሄን የሚረከብ ሰው እየቆጠርኩ ደወልኩ። አምስት ሰው አገኘሁ። በ2007 ለአንጉላር ብደውል ኖሮ ሁለት ነበሩ፣ አንዱ እኔ።

ቢሮ አንድ ታናሽ ባልደረባ አለኝ፣ ከኔ የፈጠነ። ዓመት ባልሞላው ፍሬምወርክ ለአንድ ደንበኛ ሥራ ካልሠራን ብሎ ሰሞኑን ይሟገተኛል። “ሁሉም እስኪደርስ ከጠበቀ ማን ያደርሰዋል?” ይለኛል። እውነቱን ነው። ጃንጎም አንድ ቀን የሁለት ወር ሕፃን ነበር፣ አንድ ሰው ደፍሮ ሱቁን አምኖበታል። አንጉላር ጄኤስም ቢሆን ጋሼ ጋ ሰባት ዓመት ሠርቷል፤ በዚያ መሐል እኔ ሁለት ላፕቶፕ ቀይሬያለሁ። ልከለክለው አልቻልኩም። ያልኩት፣ ደንበኛው ፊት ተቀምጠህ ዕድሜውን ንገራቸው፤ ቢቋረጥ ለመውጣት ስንት እንደሚያስወጣም ንገራቸው፤ ከዚያ እሺ ካሉ እሺ ነው። ፊቱ ተለወጠ። “እንደዚያ ከነገርኳቸው እኮ እሺ አይሉም” አለ። ለቢሯችን የውስጥ ሥራ በሱ እንዲሠራ ተስማማን፤ ቢወድቅ የምንጎዳው እኛው ነን። እየሠራበት ነው፣ ሳይደብቅ ይነግረኛል፣ ጥሩ ነገር ይመስላል።

የጋሼ አዲሱ ሲስተም ግንቦት 2014 ላይ አለቀ። የመጨረሻውን ክፍያ ሊቆጥሩልኝ ሄድኩ ብዬ ሳስብ ሱቁ ውስጥ አንዲት ወጣት ጠበቀችኝ። አላውቃትም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፣ ኮዴ ተከፍቷል። ጋሼ ከጎረቤት ባለሱቅ ጠይቀው ነው ያስመጧት፤ የግማሽ ቀን ሒሳቧንም ራሳቸው ከፍለዋል።

“ዕቃው ከየት አገር እንደመጣ የሚጻፍበት ቦታ ጨምሪልኝ ብያታለሁ” አሉኝ። “አንተ እዚያ ተቀመጥ። እንዳትናገር።”

ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ መጣ። ጋሼ የግድግዳውን ሰዓት አይተው ወደ ደንበኞቻቸው ዞሩ። ልጅቷ ታነብባለች፣ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። አንዴ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ከደብተራቸው በላይ አዩኝና ዘጋሁት። አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። ሀን ከሐ ጋር የሚያስታርቀው ሰማንያ መስመር ላይ ደርሳ ቆመች። ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ተመልሳ ወጣች።

“ይሄን ማነው የጻፈው?” አለች ለማንም ሳትል።

ጋሼ ወደኔ አላዩም። “ምን አለው?”

“ምንም። ለምን እንደተጻፈ አልተጻፈም እንጂ ደህና ነው።”

ጋሼ ከእትዬ ጠረጴዛ እስክሪብቶ አንስተው ወደኔ ዘረጉ፤ ከዚያ ትንሽ አሰቡና ወንበሯን ለቀቅ እንድታደርግልኝ ጠየቋት።